አባቴ እሺ ያለ ዕለት

አባቴ በሕይወቱ እሺ ብሎ አያውቅም። ማጋነኔ አይደለም። በሠርጉ ዕለት ሽማግሌው «ይህችን ልጅ ልታገባ ፈቃድህ ነው ወይ?» ብለው ቢጠይቁት፣ «ታዲያ በዚህ ሙቀት ከረባት አስሬ የመጣሁት ምን ልሠራ መሰለዎት?» አለ ይባላል። እናቴ ይህንን ባወራች ቁጥር አባቴ አጠገቧ ካለ «ከረባት አላሰርኩም» ይላል። ፎቶው እዚያው ሳሎን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ ከረባቱ ከነቋጠሮው ይታያል። በጣት ሲጠቁሙት ደግሞ «እሱ የትውስት ነው፤ የሰው ዕቃ አንገት ላይ ማንጠልጠል ማሰር አይባልም» ብሎ ነገሩን ይዘጋዋል።

ሰፈርተኛው ጋሽ ሙግት ይለዋል። ስሙ መጀመሪያ ለቀልድ ወጥቶ ሊረሳ ትንሽ ሲቀረው፣ እሱ ራሱ «ሙግት አልወድም» እያለ ከየሰዉ ጋር ሲሟገት ጸና። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። አባቴ ሞኝም ወረቀትም አይደለም፤ የያዘውን ያስለቀቀው ሰው ግን እስካሁን አላየሁም።

ሥራው ቤት ቆርቆሮ ማልበስ ነው። ስልሳ አንድ ዓመቱ ሆኖ ዛሬም መሰላል ያዝልኝ ብሎ ሰው አያስቸግርም። በሙያው የማይደራደርበት አንድ ሕግ አለው፤ ሚስማር የሚመታው በቆርቆሮው ጉብታ ላይ ነው እንጂ በጎድጓዳው አይደለም። ዝናብ የሚወርደው በጎድጓዳው ስለሆነ፣ እዚያ የተመታ ሚስማር ዋል አደር ብሎ ማፍሰሱ አይቀርም። ይህንን ሕግ የማያከብር አንድ የቀድሞ የሥራ ባልደረባ ነበረው፤ አባቴ «ጠብታ» የሚል ስም አወጣለትና ከሱ ጋር መሥራት አቆመ። የጎረቤታችንን ጣሪያ የሠራው ይኸው ጠብታ ነው። አባቴ በዚያ ቤት ደጃፍ ሲያልፍ ቀና ብሎ ጣሪያውን ያይና ራሱን ይነቀንቃል። ጎረቤቶቻችን ሰላምታ እየመሰላቸው እነሱም ራሳቸውን ይነቀንቁለታል።

እኔ ነርስ ነኝ። በጤና ጣቢያችን ድንገተኛ ክፍል አሥራ አራት ዓመት ሠርቼ አሁን የክፍሉ ኃላፊ ሆኛለሁ። ወደኛ የሚመጣው ሰው በአብዛኛው ደጅ ውሎ ደጅ የተጎዳ ነው። ንብ ፊቱን አሳብጣው ሚስቱ እንኳ በድምፁ የምትለየው አትክልተኛ አለ። እባብ ነከሰኝ ብሎ እባቡን በጆንያ ይዞ፣ ያውም ከነነፍሱ፣ ጠረጴዛዬ ላይ ያስቀመጠ ሰው አለ። «ዋና እችላለሁ» ብሎ ወንዝ ገብቶ፣ አለመቻሉን መሀል ላይ የተረዳም አለ። ከሁሉም የሚያስቸግረኝ ግን «ምንም አልሆንኩም» የሚለው ነው። ለሌላው ሁሉ መድኃኒት አለኝ፤ ለዚህኛው የለኝም፤ እንዲያውም ከቤቴ ጀምሮ ያለ በሽታ ነው።

ዘንድሮ የሙቀቱ ወር ገና ሳይገባ ክፍሌን አዘጋጀሁ። ግድግዳው ወፍራም የሆነውን አሮጌ መጋዘን አስጠርጌ ስድስት አልጋ፣ አንድ ማራገቢያና ስኳርና ጨው የተበጠበጠበት ውሃ አስገባሁና «ጥላ ክፍል» አልነው። በጓሮ በኩል ደግሞ ከልብስ ማጠቢያው ትልቁን ገንዳ ወስጄ (የልብስ አጣቢዋ ኩርፊያ እስካሁን አልበረደም) ቧንቧው ሥር አስቀመጥኩት። ከመንገዱ ማዶ ያለው ዓሣ ሻጭም በፈለግሁ ሰዓት በረዶ ሊሰጠኝ ቃል ገባ። «ሰውን እንደ ዓሣ በበረዶ ልትይዢው ነው?» ብሎ ሲስቅብኝ፣ «ዓሣ ቢሆን በማን ዕድሌ፣ ዝም ይልልኝ ነበር» አልኩት። ፀሐይ ከባድ አድርጋ የመታችውን ሰው ነፍስ የሚያተርፈው ቶሎ ማቀዝቀዝ ነው። እያንዳንዷ ደቂቃ ጭንቅላቱን ታበስለዋለችና።

ከፀሐይ የመጣውን ሰው ሁሉ ገንዳ ውስጥ መንከር ስለማይቻል፣ ቀላሉን ከከባዱ የምንለይበት ሦስት ጥያቄ በሰሌዳ ላይ ጽፌ ሰቀልኩ። ስምዎ ማን ነው? ዛሬ ዕለቱ ማን ነው? አሁን የት ነው ያሉት? ሦስቱን የመለሰ ጥላ ክፍል ይገባል። የተምታታበት ወደ ገንዳው ይሮጣል። ከአነጋገር ይፈረዳል ከአያያዝ ይቀደዳል አይደል የሚባለው? እኔም በአነጋገር ልፈርድ ወስኜ ሠራተኞቼን በመጪው ረቡዕ ላሠለጥን ተዘጋጀሁ።

ጥፋቱ የጀመረው ስልጠናውን ቤት ውስጥ በአባቴ ላይ በመለማመዴ ነው። እሑድ ማታ ራት ላይ ራስህን እንደ በሽተኛ ቁጠር ብዬ ለመንኩት።

«ስምዎ ማን ነው?» አልኩት።

«ስሜን ሳታውቂ ነው ሠላሳ ስድስት ዓመት ያበላሁሽ?»

«ዛሬ ዕለቱ ማን ነው? ረቡዕ በል፣ አባዬ፤ ስልጠናው ረቡዕ ነው።»

«ዛሬ እሑድ ነው። ለስልጠና ብዬ አልዋሽም።»

«እሺ፣ አሁን የት ነህ? ጤና ጣቢያ ነኝ በል።»

«ራት እየበላሁ ጤና ጣቢያ ነኝ ካልኩማ በእውነትም ታምሜያለሁ።»

ስምንት ጊዜ ሞከርኩ። ስምንት ጊዜም መልሱን እየነገርኩት ስምንት ጊዜ እምቢ አለኝ። እናቴ ሳህን እያነሳች «ተይው፣ ጤነኛ ነው» አለችኝና ሳቀች። ያኔ እኔም ስቄ ነበር።

ስልጠናው በተባለው ረቡዕ ተሰጠ። በሳምንቱ ረቡዕ ሙቀቱ ሦስተኛ ቀኑን ያዘ። አስፋልቱ ጫማ የሚይዝበት፣ ውሾች እንኳ መጮህ የሰነፉበት ቀን ነበር። ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ የአባቴ የሥራ ጓደኛ፣ አናጢው፣ አባቴን ደግፎ በራችን ላይ ደረሰ።

«የትምህርት ቤቱን ጣሪያ እየሠራን ነበር» አለ አናጢው እያለከለከ። «ድንገት ወረደና መሰላሉ ሥር ቁጭ አለ። ውሃ አፈሰስኩበት። ደግሞ ምን ሆኖ እንደሆነ እንጃ፣ ከመውረዱ በፊት ሦስት ሚስማር ጎድጓዳው ላይ መታ። የሚያሾፍብኝ መስሎኝ ነበር።»

«እርጅና ነው» አልኩ። አባቴን አየሁት። ፊቱ ቀልቷል፤ ሸሚዙ በውሃም በላብም ርሷል። በእግሩ ቆሟል፤ ዓይኑም ተገልጧል። ላብ ካለው ደህና ነው ብዬ አሰብኩ። በጠራራ ፀሐይ ሲለፋ የወደቀ ሰው ላቡ ሳይደርቅም ሊሞት እንደሚችል ባለፈው ረቡዕ ያስተማርኩት እኔው ነበርኩ።

ትንሿ ሲስተር፣ ማለት ዘንድሮ የተቀጠረችው ልጅ፣ በተማረችው መሠረት በትሕትና ጠየቀችው።

«ጋሼ፣ ስምዎ ማን ነው?»

አባቴ ስሙን ከነአባቱና ከነአያቱ ተናገረ።

«ዛሬ ዕለቱ ማን ነው?»

«ረቡዕ።»

«አሁን የት ነው ያሉት?»

«ጤና ጣቢያ።»

ሦስቱም ትክክል። ልጅቷ ቴርሞሜትሩን በብብቱ አስገባች፤ ሠላሳ ስምንት ከአራት አለ። አናጢው ብብቱ ድረስ ውሃ እንዳፈሰሰበትና ውሃው ቁጥሩን እንደሚያወርደው ረሳሁ። የልብ ምቱ ፈጣን ነበር፤ ከጣሪያ የወረደ ሰው ነው አልኩ። ጥላ ክፍል ይግባ አልኩና ራሴ እጁን ይዤ አስገባሁት።

«አባዬ፣ ሸሚዝህን እናውልቅ» አልኩት ለጠብ ተዘጋጅቼ።

«እሺ» አለ።

ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። «በጀርባህ ተኛ።»

«እሺ።»

«ይህን ውሃ ቀስ እያልክ ትጠጣለህ።»

«እሺ» አለና አንድ ጊዜ ተጎንጭቶ ቀሪውን ደረቱ ላይ አፈሰሰው።

እዚህ ላይ ነርስ መሆን ነበረብኝ። እኔ ግን ልጅ ሆንኩ። ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እሰማዋለሁ ብዬ የጠበቅሁት ቃል ከአፉ እንደ ልብ ሲወርድ፣ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። እኔን የፈራ፣ የኔን ሙያ ያከበረ፣ በመጨረሻም ልጄ ታውቃለች ያለ መሰለኝ። ዕድሉ ሳያመልጠኝ ብዬ የቆየ ሙግቴን ሁሉ አንድ በአንድ አወጣሁ።

«እስከ ወሩ መጨረሻ ጣሪያ አትወጣም።»

«እሺ።»

«መነጽርም ታሠራለህ። ሚስማሩ አይታይህም።»

«እሺ።»

ትንሿን ሲስተር ጠርቼ «ምስክር ሁኚ!» አልኳት። ልጅቷ በአባቴ ታዛዥነት ተገርማ «እንዴት ደግ አባት ነው ያለሽ» አለችኝ። እስከማውቀው አባቴን ደግ ያለው የመጀመሪያው ሰው እሷ ናት። ከዚያ ሙያ እንደሠራ ሰው ደረቴን ነፍቼ ወደ ኮሪደሩ ወጣሁና ለእናቴ ደወልኩ። እስከዚያ ድረስ ከመጣ አሥራ ሁለት ደቂቃ ሆኖታል። ቁጥሩን የማውቀው በኋላ መዝገቡን አገላብጬ ነው፤ ዛሬም አልረሳሁትም።

«እማዬ፣ ጉድ ልንገርሽ። አትደንግጪ፣ አባዬ እዚህ ነው፤ ትንሽ ፀሐይ መትቶት ነው። ደህና ነው። እንዲያውም ምን እንዳለኝ ብታዪ…»

«ምን አለሽ?»

«እሺ አለኝ!»

እናቴ አልሳቀችም።

«ስንት ጊዜ አለ?» አለችኝ።

«አምስት ጊዜ። ሸሚዝህን አውልቅ ስለው እሺ፣ ተኛ ስለው እሺ፣ መነጽር እንኳ—»

«ልጄ» አለች እናቴ፣ «አባትሽ ታሟል።»

«እማዬ፣ መርምረነዋል እኮ። ሦስቱንም ጥያቄ መልሷል። ስሙን፣ ረቡዕን፣ ጤና ጣቢያን—»

«አንቺ ራት ላይ በል ያልሽውን ነው የመለሰልሽ። በል ያሉትን የሚል ሰው ነው እንዴ አባትሽ? እኔ ሠላሳ ስምንት ዓመት አብሬው ኖሬ አንድ ያልሰማሁትን አንቺ በአንድ ቀን አምስት? ስልኩን ጣዪና ሩጪ። ካላመንሽኝ ስለ ጎረቤቱ ጣሪያ ጠይቂው!»

ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች የሚባለው ለኔ ነው። እናቴ ነርስነት አልተማረችም። ሰሌዳ የላትም፣ ቴርሞሜትር የላትም፤ ባሏን ግን ታውቀዋለች። እሑድ ማታ እሑድ ነው ብሎ ስምንት ጊዜ የተሟገተኝ ሰው ዛሬ ረቡዕ ያለው፣ ቀኑ ረቡዕ ስለሆነ አልነበረም። ዓርብም ቢሆን ረቡዕ ይል ነበር። ያን ያህል ነበር የራቀው።

ሮጬ ገባሁ። አባቴ ዓይኑን ጣሪያው ላይ ተክሎ ተኝቷል፤ ጣቶቹ አንሶላውን ይቆነጥራሉ።

«አባዬ፣ የጎረቤታችን ጣሪያ ጥሩ ነው አይደል? ያ ጠብታ የሠራው?»

«እሺ» አለ አባቴ ምላሱ እየተሳሰረ። «ጥሩ ነው። ጠብታ… ጎበዝ ነው።»

ቆሌዬ ተገፈፈ። እንዴት እንደጮህኩ አላስታውስም፤ አናጢው ግን ድምፄ ከመንገዱ ማዶ ተሰማ ይላል። ትንሿ ሲስተር ጎኑን ስታዞርልኝ ሌላውን ቴርሞሜትር በመቀመጫው በኩል አስገባሁ። በዚህም አልተሟገተም። ጤነኛ ቢሆን ኖሮ ይህን ለማድረግ የሚመጣ ሰው በመስኮት ነበር የሚወጣው። አርባ አንድ ከሦስት አለ።

«ገንዳ!» አልኩ።

እኔና ትንሿ ሲስተር፣ አናጢውና የአምቡላንሱ ሾፌር ከነአንሶላው አንስተን ወደ ጓሮው ሮጥን። ቧንቧው ተከፈተ። ዓሣ ሻጩ ጩኸቴን ሰምቶ ሁለት ሣጥን በረዶ ተሸክሞ፣ ከነሽርጡ፣ መንገዱን በግራ ሳያይ በቀኝ ሳያይ ተሻግሮ መጣ። አባቴን እስከ አንገቱ ውሃው ውስጥ አስገባነው። ትንሿ ሲስተር ራሱን ይዛ ከውሃው በላይ አቆየችው። እኔ በረዶውን እያማሰልኩ ክንዱንና እግሩን አሸሁ፤ ከቆዳው አጠገብ ያለው ውሃ እንዳይሞቅበት ያለማቋረጥ ማማሰል ያስፈልጋል።

ሾፌሩ ሞተሩን አስነስቶ «ወደ ትልቁ ሆስፒታል ላድርሰው፤ አርባ ደቂቃ ነው» አለ። «አርባ ደቂቃ የለውም» አልኩት። «መጀመሪያ ይቀዝቅዝ፣ መንገዱ ከዚያ በኋላ።» የጤና ጣቢያችንን ዶክተር በስልክ ሳገኘው እሱም ይህንኑ አለኝ፤ ደም ሥር አግኝተሽ ግሉኮስ ስቀይለት ብሎ ጨመረ። ቴርሞሜትሩን አየሁ። አርባ ከዘጠኝ።

ፈራሁ። ይህን ሳላለባብስ መናገር አለብኝ፤ በሥራዬ ላይ እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም። ሻካራ መዳፉን በመዳፌ ይዤ ሳሸው፣ ጣቶቼ መዶሻ ያጠነከረውን ሥፍራ አገኙት። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለውን እሰማ ነበር፤ እኔን ያሳሳቀኝ ግን እሺታ ነው። አሥራ ሁለት ደቂቃ ሙሉ፣ የገዛ አባቴ አእምሮ እየቀለጠ ሳለ፣ መነጽር አሠራ እያልኩ ደስ ሲለኝ ነበር።

«አባዬ፣ ይሰማሃል?»

«እሺ» አለ በሹክሹክታ።

ያንን ቃል እንደዚያ እጠላዋለሁ ብዬ አላስብም ነበር። ደግሜ ጠራሁት። ደግሞ እሺ አለኝ። አናጢው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። አርባ ከሁለት። በረዶው አለቀ። ዓሣ ሻጩ ሄዶ ሁለት ሣጥን ሌላ አመጣ፤ ለዓሦቹ ምን እንደቀረላቸው አልጠየቅሁም። ሠላሳ ዘጠኝ ከስድስት። አባቴ ጥርሱ ይንገጫገጭ ጀመር። እናቴ ያኔ ነው የደረሰችው፤ የቤት ነጠላ ጫማዋን፣ አንዱን ቡናማ አንዱን ጥቁር፣ እንዳደረገች። በጉልበቷ ገንዳው አጠገብ ተቀመጠችና እጇን ውሃው ውስጥ ከታ ሌላኛውን ክንዱን ማሸት ጀመረች።

ቴርሞሜትሩ ወደ ሠላሳ ዘጠኝ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው፣ «አባዬ፣ ጥቂት ታገሥ፣ አሁን እናወጣሃለን» አልኩት።

«አልታገሥም» አለ።

ሁላችንም እጃችንን አቆምን።

«ምን አልክ?» አለች እናቴ።

አባቴ ዓይኑን ገልጦ ዙሪያውን አየ። ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኖ እየተንቀጠቀጠ ነው። «ይሄ ውሃ… ዓሣ ዓሣ ይሸታል።»

«አይሸትም፣ ንጹሕ በረዶ ነው» አለ ዓሣ ሻጩ ተቆጥቶ፤ ሙያው የተነካበት ሰው መቼም ሰዓት አይመርጥም።

«ይሸታል!»

«አይሸትም!»

«እኔ ነኝ የምዋኝበት ወይስ አንተ?» አለ አባቴ።

እኔ በበረዶ የደነዘዘ እጄን ፊቴ ላይ አድርጌ አለቀስኩ። ትንሿ ሲስተር ደግሞ በዚያ መሀል፣ ሥርዓት አክባሪ ናትና፣ «ጋሼ፣ ዛሬ ዕለቱ ማን ነው?» ብላ ጠየቀችው። «አንቺ የቀን መቁጠሪያ የለሽም?» አላት። መዝገቡ ላይ «አእምሮው ተመልሷል» ብላ ጻፈች። በዚያ ቀን ከተጻፈው ሁሉ እንደሱ ያለ ትክክለኛ ነገር አልነበረም።

በአምቡላንስ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ወሰድነው። ኩላሊቱና ጉበቱ እስኪጣራ ሦስት ቀን አስተኙት። ያየው ሐኪም ማቀዝቀዙ በሌላ ሩብ ሰዓት ቢዘገይ ኖሮ አሁን የምናወራው ሌላ ነገር ይሆን ነበር አለኝ። ራሴን ነቀነቅሁ። ያንን ሩብ ሰዓት ማን ሊበላበት እንደነበር አልነገርኩትም።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ አልጋው አጠገብ ተቀመጥኩ። እናቴ በሌላኛው በኩል ብርቱካን ትልጣለች። አባቴ ትራስ ተደግፎ የሆስፒታሉን ጣሪያ በንቀት ያያል።

«ጣሪያ አልወጣም ብለኸኛል፤ መነጽርም አሠራለሁ ብለሃል» አልኩት። «ምስክር አለኝ።»

«አላልኩም።»

«አምስት ጊዜ እሺ ብለሃል።»

«ሰው ሳያውቀው የገባው ቃል አይጸናም። ዳኛ ብትጠይቂ ይሄንኑ ይልሻል።» ትንሽ አሰበና፣ «ደግሞ ከእንግዲህ ሥራ ጎሕ ሲቀድ ጀምሬ ሦስት ሰዓት ላይ ልወርድ ነው። አንቺ ስላልሽ አይደለም። ቆርቆሮው ሲግል ሚስማር ስለማይዝ ነው» አለ።

«ጎበዝ፣ ጥሩ ሐሳብ ነው» አለች እናቴ ቀና ሳትል። እሷ ያቺን ሐሳብ በጆሮው ስትዘራ ሁለት ሌሊት እንዳደረች እኔ አውቃለሁ።

ሰሌዳዬ ላይ አራተኛ መስመር እንደጨመርኩ ነገርኩት። «የሚያውቀውን ሰው ጠይቁ፤ ሁልጊዜ እንዲህ ነው?» የሚል። አባቴ «ጥያቄው ረዝሟል» አለ። ሦስት ቀን ሙሉ ያልተናገርኩትን ነገር ከዚያ በላይ ልይዘው አልቻልኩም።

«አባዬ» አልኩት፣ «ያን ቀን እሺ ስትለኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ማወቅ ነበረብኝ። አሥራ አራት ዓመት ሠርቼ፣ አናጢው እንኳ ስለ ሚስማሩ ነግሮኝ፣ ደስ ስላለኝ ብቻ አላየሁህም። ልገድልህ ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው።»

አባቴ ከጣሪያው ላይ ዓይኑን አንስቶ አየኝ።

«አይደለም» አለ።

«ነው፣ አባዬ። የኔ ነው።»

«አይደለም አልኩሽ። ገንዳው ውስጥ ያስገባኝ ማን ነው? ጠብታ ነው?» ድምፁ ከፍ አለ፤ ከማዶው አልጋ ያለው በሽተኛ ዞሮ አየን። «የኔ ልጅ አላጠፋችም። በዚህ ልትሟገቺኝ ከሆነ ሳትጀምሪ ተዪው፤ አልሸነፍም።»

ልመልስለት አፌን ከፈትኩ። ማስረጃ ነበረኝ፤ መዝገቡ ነበረኝ፤ አሥራ ሁለቱ ደቂቃ ነበረኝ። እሱ ግን ያንን የማውቀውን ፊቱን ይዞ፣ አገጩን ወደ ላይ አድርጎ፣ ሰው የማያስለቅቀውን ነገር እንደያዘ ይጠብቀኛል። የያዘው እኔን ነበር።

«እሺ» አልኩት።

እናቴ ብርቱካኑንና ቢላውን አስቀመጠች። በአልጋው ላይ ተንጠራርታ መዳፏን ግንባሬ ላይ አድርጋ ትኩሳቴን ለካች።